ፊደሉና መኪናው፤ የኮምፒዩተር ጥገና በአሰላና በአርሲ ደጋ

በ1960 ዓ.ም. መባቻ ላይ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ባደረጉት ስምምነት በብዙዎች አፍ «ካዱ» እየተባለ የሚጠራው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ዋና ጽሕፈት ቤቱን በአሰላ ከተማ አድርጎ ሥራ ሲጀምር፣ ወደ አርሲ ደጋ ይዞት የመጣው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ብቻ አልነበረም። ከዘሩና ከማዳበሪያው ጋር መኪና፣ ከመኪናውም ጋር የጥገና ጥያቄ አብሮ ገባ። ድርጅቱ የእርሻ መሣሪያዎችን የሚያጠና ክፍል አቋቁሞ የተሻሻለ ማረሻና የበሬ ጋሪ ሲሞክር፣ ሰፊ መሬት የነበራቸው ባለርስቶች ደግሞ ትራክተርና ኮምባይነር ወደ ስንዴው ማሳ አስገቡ። ትራክተሩ ብዙ ጭሰኞችን ከሚያርሱት መሬት እንዳፈናቀለ የታወቀ ነው፤ ይህ እስከ 1967ቱ የመሬት ዐዋጅ የሚዘልቅ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለ ሆነ ለሌላ ጽሑፍ ይተዋል። ለዚህ ጽሑፍ የሚፈለገው ሌላ ነገር ነው። የደጋው ሰው ከውጭ አገር የመጣ መኪና ሲበላሽ ምን ማድረግ እንደሚገባ በሰፊው መማር የጀመረው በዚያን ዘመን ነው ለማለት ይቻላል።

የትራክተር ብልሽት በመሠረቱ የሚታይ፣ የሚሰማ ወይም የሚሸት ነው። ዘይት ያፈሳል፣ ጢስ ይተፋል፣ ማርሹ ይንቋቋል። መለዋወጫው ከናዝሬት ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ሥራው ይጓተት ይሆናል እንጂ፣ የተበላሸው ዕቃ የትኛው እንደ ሆነ ብዙ አያከራክርም። ከዚህም በላይ ትራክተሩ ቢሰበር ትናንት ያረሰው ማሳ አብሮ አይጠፋም።

በቢሮ በኩልም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። ከኮምፒዩተር በፊት የነበረው የጽሕፈት መኪና ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን ፊደል ለላቲን ጽሕፈት ከተሠራው መኪና ጋር ለማስማማት በደከሙ ጊዜ የገጠማቸው ችግር የቁጥር ችግር ነበር። 33ቱ ፊደላት በሰባቱ ቤቶች ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲታከሉ ከዚያም ያልፋሉ፤ የመኪናው ቁልፎች ግን ከሃምሳ እምብዛም አይበልጡም። የተገኘው መፍትሔ የፊደሉን አካል በአንድ ምት፣ ቅጥያውን በሌላ ምት መጻፍ ነበር። ፊደሉ ጥቂት ቢጣመምም ተነበበ፤ መንግሥትም ፍርድ ቤትም በእርሱ ሠራ። የዚህ መኪና ጠጋኝ የሚያስፈልገው መፍቻ፣ ዘይት፣ አዲስ ሪባንና የተጣመመውን የብረት ፊደል የሚያቃና እጅ ነበር። ጠጋኙ ቢሳሳት የሚጎዳው መኪናው ነው። በሳጥን ውስጥ የተቀመጠው ደብዳቤ ከመኪናው ዕድሜ ጋር የሚያስተሳስረው ነገር አልነበረም።

ኮምፒዩተር ወደ ቢሮውና በኋላም ወደ መምህሩ፣ ወደ ጤና ባለሙያውና ወደ ነጋዴው ቤት ሲገባ የተለወጠው ይህ ነው። ጽሑፉ ከመኪናው ሊለይ የማይችል ሆነ። መኪናውን የሚያዝዘው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲታመም ጽሑፉም አብሮ ይታመማል፤ ሲሞትም አብሮ ሊቀበር ይችላል። የአርሲ ደጋን የኮምፒዩተር ጥገና ታሪክ ከሌላው ዓለም የተለየ የሚያደርገው ደግሞ ይህ አዛዥ ፕሮግራም ሲመጣ የአገሩን ፊደል፣ የአገሩን ዘመን አቈጣጠርና የአገሩን መብራት ጨርሶ የማያውቅ ሆኖ መምጣቱ ነው። ጠጋኙ መኪናውን ብቻ ሳይሆን በመኪናውና በአገሩ መካከል ያለውን አለመግባባት እንዲጠግን ተገደደ።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. የግል ኮምፒዩተር በዓለም ሲስፋፋ ይገዛበት የነበረው ዶስ የተባለው ሥርዓት 256 የምልክት ቦታዎች ብቻ ነበሩት። ከእነዚህ ውስጥ ግማሾቹ በላቲን ፊደልና በመቈጣጠሪያ ትእዛዞች የተያዙ ናቸው። የአያና ብሩ ችግር በአዲስ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ የነበሩት ኢንጂነር ፍስሐ አጥላው «ዳሸን» የተባለውን የጽሕፈት ፕሮግራም ሠሩ። የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላ «ሞድኢት» የተባለውን አዘጋጁ። በአዲስ አበባም በሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ሥር «አግአፋሪ» የተሰኘው ፊደል ተሠራ። ቀዳሚው ማን ነው የሚለው ክርክር ብዙ ቀለም ያፈሰሰ ስለ ሆነ እዚህ አይጨመርበትም። በኋላ ዊንዶውስ ሲመጣ «ቪዥዋል ግዕዝ»ና «ፓወር ግዕዝ» በመሥሪያ ቤቱም በጽሕፈት አገልግሎት ሰጪ ሱቆችም ዘንድ ተስፋፉ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ደግሞ «ሴራ» የተባለውን፣ የግዕዝን ፊደል በላቲን ምልክቶች እየተረጐሙ በኮምፒዩተር የመላላኪያ ሥርዓት አወጡ።

የእነዚህ ሰዎች ድካም የሚያስመሰግን ነው። በአገሩ ቋንቋ በኮምፒዩተር መጻፍ የተቻለው በእነርሱ ነው፤ ትልልቅ ኩባንያዎች ገበያው ጠባብ ነው ብለው ዝም ባሉበት ዘመን መሥራታቸው ደግሞ ምስጋናውን ከፍ ያደርገዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ለየራሱ ስለ ሠራ የፊደሉ ቁጥር አልተስማማም። በአንዱ ፕሮግራም «ለ» የሆነው ቁጥር በሌላው «መ» ወይም ቅጥያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ጠጋኙ ለብዙ ዓመታት የተሸከመው የዚህን አለመስማማት ዕዳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው አሠራር የግዕዙን ፊደል ሥዕል በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ ማስቀመጥ ነበር። ጸሐፊዋ «ሰላም» ብላ ስትጽፍ በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው «ሰላም» የሚል ነገር ሳይሆን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቁጥር ነው። ያንን ቁጥር እንደ ግዕዝ የሚያሳየው ፎንት የተባለው የፊደል ሥዕል መዝገብ ብቻ ነበር። አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች ፊደሉ በአንድ መዝገብ ስለማይበቃ በሁለትና በሦስት ፎንቶች ይከፋፍሉታል፤ ሌሎቹ እንደ ጽሕፈት መኪናው አካሉንና ቅጥያውን ለየብቻ ይሥላሉ። በሁለቱም ቢሆን ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አማርኛ መጻፉን አያውቅም። ለእርሱ የተጻፈው ትርጉም የሌለው እንግሊዝኛ ነው።

ይህ አለማወቅ በደህናው ቀን እንኳ ጉዳት ነበረው። የጽሕፈት ፕሮግራሙ እንግሊዝኛ መስሎት የሚያርም ስለ ነበር፣ ሁለት ተከታታይ ትልልቅ የላቲን ፊደላት ያጋጠሙት ሲመስለው ሁለተኛውን ወደ ትንሽ ይለውጠዋል፤ በማያው ላይ ግን የሚታየው አንድ የአማርኛ ፊደል ወደ ሌላ ፊደል መለወጡ ነው። የጥቅስ ምልክት ይመስለኛል ብሎ የሚተካውም ቁጥር እንዲሁ ሌላ ፊደል ሆኖ ይወጣል። ልምድ ያላት ታይፒስት አዲስ ኮምፒዩተር ሲሰጣት አስቀድማ የምታደርገው ይህን ራስ ገዝ አራሚ ማጥፋት ነበር። ያላወቀች ግን የራሷ የጣት ስሕተት እየመሰላት ስታርም ትውላለች።

ትልቁ አደጋ የሚመጣው ግን ኮምፒዩተሩ በታመመ ቀን ነው። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ዓ.ም. እንደ አሰላ ባሉ ከተሞች በሰፊው ይሠራበት የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፤ እርሱም በጥቅምት ወር 1994 ዓ.ም. የወጣ ነው። ይህ ሥርዓት አልነሣም ሲል ወይም ሲዘገይ ከቴክኒሻኑ አፍ የሚወጣው መድኃኒት አንድ ነበር፤ «ፎርማት ይደረግ»። በእርግጥ ፎርማት ማድረግ ኮምፒዩተሩን ይፈውሳል። ባለቤቱ በማግስቱ ፈጣንና ንጹሕ መኪና ይቀበላል። ሆኖም ሥርዓቱ የተጠቃሚውን ጽሑፍ የሚያስቀምጠው፣ ሌላ ቦታ ካልተነገረው በቀር፣ ራሱ በተጫነበት በ«ሲ» ክፍል ነው። በዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርጉ ፎቶግራፍ፣ የዕድሩ የመዋጮ መዝገብ፣ የጤና ጣቢያው ወርኀዊ ሪፖርት፣ ሁሉም ከታመመው ሥርዓት ጋር አንድ ቤት አዳሪዎች ናቸው። ቤቱ ሲፈርስ አብረው ይፈርሳሉ።

ጠንቃቃው ቴክኒሻን ሀርድ ዲስኩን አስቀድሞ ለሁለት ከፍሎ ሥርዓቱን በ«ሲ»፣ ጽሑፉን በ«ዲ» ያስቀምጥ ነበር፤ ይህ ልማድ ቀላል መስሎ ቢታይም ከየትኛውም የጸረ ቫይረስ ፕሮግራም ይልቅ ብዙ ሥራ ያዳነ ነው። ነገር ግን ጽሑፉ በ«ዲ» ተርፎ እንኳ ሌላ ጉድ ይጠብቃል። ፎንቶቹ የሚኖሩት በ«ሲ» ነውና ከሥርዓቱ ጋር ጠፍተዋል። ባለቤቱ የተረፈውን ፋይል ሲከፍት የሚያየው የላቲን ፊደል፣ የገንዘብ ምልክትና ቅንፍ የተደበላለቀበት ገጽ ነው። «ቫይረስ በልቶታል» ብሎ ተስፋ ይቈርጣል። ጽሑፉ ግን አንድ ነጥብ ሳይጐድል በቦታው ነበር፤ የጠፋው መነጽሩ ነው። የቀድሞውን ፎንት ስም አስቀድሞ የመዘገበ ቴክኒሻን ከሌላ ኮምፒዩተር ገልብጦ በጥቂት ደቂቃ ይመልሰዋል። ያልመዘገበ ደግሞ በግምት አንዱን ፎንት ሲጭን ፊደሉ ግዕዝ ይሆናል፣ ቃሉ ግን አይነበብም። ከሁሉ የከፋው የተደናገጠው ባለቤት «የተበላሸ» ያለውን ፋይል በራሱ እጅ ማጥፋቱ ነው።

በአርሲ ይህ ችግር አንድ ተጨማሪ ገጽታ ነበረው። በ1984 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞ በቁቤ እንዲጻፍ ከተወሰነና የክልሉ የሥራ ቋንቋ ከሆነ በኋላ፣ በአሰላ የዕለት ተዕለት የመንግሥት ጽሑፍ በላቲን ፊደል መሠራት ጀመረ። ቁቤ ለኮምፒዩተሩ እንግዳ ስላልሆነ ልዩ ፎንት አይፈልግም፤ ሥርዓቱ ፎርማት ቢደረግም ጽሑፉ እንደ ተጻፈ ይከፈታል። ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚደረገው መጻጻፍ፣ የግለሰቦች ውልና ማመልከቻ፣ የቤተ ክርስቲያንና የማኅበራት መዝገብ ግን በአማርኛ የሚቀጥልበት ብዙ ነበር። ስለዚህ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ጐን ለጐን ኖረ፤ አንዱ ሥርዓቱ የሚያውቀው፣ ሌላው የማያውቀው። ቁቤውም ቢሆን ከራስ ገዝ አራሚው ቀይ መስመር አልዳነም፤ ድርብ አናባቢውና ድርብ ተናባቢው ሁሉ የእንግሊዝኛ የፊደል ግድፈት እየመሰለው ያሰምርበታል። ግን ቀይ መስመር ጽሑፍ አይለውጥም። የቋንቋ ፖሊቲካውን ሌሎች ይጻፉት፤ ለጥገና ታሪክ የሚጠቅመው እውነት ግን የሁለቱ ጽሑፎች ዕድል የተለያየው በቋንቋቸው ጠባይ ሳይሆን ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን የሠራው ሰው ፊደላቸውን በማወቁና ባለማወቁ ብቻ መሆኑ ነው።

ይህን አለማወቅ ለመሻር መሠረቱ የተጣለው ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ቁጥር ነው። በሦስተኛው እትሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 መስከረም፣ የግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ አገኘ። «ሀ» 4608 ቁጥርን፣ «አ» 4768 ቁጥርን፣ አራት ነጥብም 4962 ቁጥርን ያዙ። ከዚያ ወዲህ «ሰላም» ተብሎ የተጻፈ ቃል በየትኛውም አገር ባለ ኮምፒዩተር «ሰላም» ነው፤ ፎንቱ ቢጠፋ ባዶ ሳጥን ይታያል እንጂ ወደ እንግሊዝኛ ውዥንብር አይለወጥም። ይሁን እንጂ ቁጥሩ መስጠቱና ሥራ ላይ መዋሉ ለየቅል ናቸው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ከዚያ በኋላ የወጣ ቢሆንም የግዕዝ ፎንት ይዞ አልመጣም። የግዕዝ ፊደል አብሮት የመጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ ቪስታ ነው፤ እርሱም በጥር ወር 1999 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበ፣ ፎንቱም «ኒያላ» የተባለ ነበር። ስሙ የተወሰደው ከደጋ አጋዘን ነው። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋ፣ በተለይም በባሌና በአርሲ ተራሮች ስለ ሆነ፣ አሰላ ላይ ሆኖ ቪስታን የጫነ ሰው የጭላሎን ተራራ በመስኮት እያየ የተራራውን አውሬ ስም በማያው ላይ ያነብ ነበር ማለት ነው። ቪስታ ራሱ ግን ለነበሩት ኮምፒዩተሮች ከባድ ስለ ነበረ ብዙው ሰው ከኤክስፒ አልወጣም። የድሮው የፊደል አቀማመጥም ዕድሜው በዚያው ልክ ረዘመ።

ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። በክፍለ ሀገር ከተሞች ግን ለረጅም ጊዜ ፋይል የሚጓዘው በመጀመሪያ በፍሎፒ፣ ኋላም በፍላሽ ዲስክ ነበር። ፍላሹ ከትምህርት ቤት ወደ ጽሕፈት አገልግሎት፣ ከዚያ ወደ ቢሮ፣ ማታ ወደ ቤት ይሄዳል። ቫይረሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ዊንዶውስ ፍላሽ ሲሰካበት በውስጡ ያለውን ትእዛዝ ሳይጠይቅ የሚፈጽም «አውቶራን» የተባለ ጠባይ ነበረው፤ ቫይረስ ጸሐፊዎች የተጠቀሙት በዚህ ነው። በኅዳር 2001 ዓ.ም. የተነሣው «ኮንፊከር» የተባለው ትል በመረብም በፍላሽም እየተላለፈ በዓለም በሚሊዮን የሚቈጠሩ ኮምፒዩተሮችን ያዘ። የሚገርመው ማይክሮሶፍት የቀዳዳውን መድፈኛ ከትሉ መነሣት አስቀድሞ በጥቅምት ወር አውጥቶ ነበር። መድፈኛው ግን የሚደርሰው በኢንተርኔት ነው፤ በግልባጭ ሲዲ የተጫነና ማሻሻያው የተዘጋ ኮምፒዩተር ደግሞ ኢንተርኔት ቢያገኝ እንኳ አይቀበለውም። አውቶራን በፍላሽ ላይ እንዳይሠራ የሚያደርገው ማሻሻያ በየካቲት 2003 ዓ.ም. ለኤክስፒ ሲሰራጭም የሆነው ይኸው ነው፤ በጣም የሚያስፈልጋቸው ኮምፒዩተሮች ሳያገኙት ቀሩ። የጸረ ቫይረስ ፕሮግራሙም አዳዲስ መረጃ ካልወረደለት የሚያውቀው የዐምናውን ቫይረስ ነውና፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ዓይነት ሆነ።

ከእነዚህ ሁሉ በሕዝቡ ዘንድ በስም የታወቀው «ሾርትከት ቫይረስ» ነው። በፍላሹ ላይ ያሉትን ፎልደሮች ይሰውርና በየስማቸው የራሱን ማስነሻ ያስቀምጣል። ተማሪው ፎልደሩን ሲከፍት ቫይረሱን ያስነሣል፤ ማስነሻውን ሲያጠፋ ደግሞ ፍላሹ ባዶ ይመስለዋል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ፍላሹን ፎርማት አደረጉት፤ በዚህም ቫይረሱ ያልነካውን ጽሑፍ በገዛ እጃቸው አጠፉ። ፋይሎቹ ግን የተሰወሩ እንጂ የተሰረዙ አልነበሩም። የተያዘው ቦታ ስንት እንደ ሆነ መመልከት ብቻ ይህን ያሳያል፤ ባዶ ነው የተባለው ፍላሽ ግማሹ ተይዞ ይገኛል። «አትሪብ» በተባለው ከዶስ ዘመን በቀረ ትእዛዝ የመሰወሪያው ምልክት ሲነሣ ሁሉም ተመልሶ ይታያል። አንድ መስመር ትእዛዝ የሚያውቅና የማያውቅ ቴክኒሻን ልዩነታቸው የአንድ ተማሪ የዓመት ሥራ ነበር።

ስለ መብራቱ ብዙ ማለት አያሻም፤ ባልደረቦች ሁሉ ያውቁታል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ሥርዓቱ በጽሑፍ ላይ የነበረውን መዝገብ በግማሽ ይተወዋል። በኤክስፒ ላይ በዚህ ምክንያት «የሲስተሙ ፋይል የለም ወይም ተበላሽቷል» የሚል መልእክት በጥቍር ማያ ላይ ወጥቶ ኮምፒዩተሩ የማይነሣበት ጊዜ ብዙ ነበር። ፎርማት የተደረጉት ከእነዚህ ውስጥ ስንቶቹ እንደ ነበሩ ቈጥሮ ያስቀመጠ ባይኖርም፣ መድኃኒቱ ግን ራሱ ሥርዓቱ ውስጥ ነበረ፤ «ሪፔር» በተባለው ፎልደር የተቀመጠውን ቅጂ በተበላሸው ቦታ መመለስ። የክረምቱ መብረቅ በስልኩ መስመር ገብቶ ሞደሙን ማቃጠሉ፣ የበጋው አቧራ ማራገቢያውን መዝጋቱ የታወቀ ነው። ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። የሀርድ ዲስክ ማንበቢያ በሰሐኑ ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው፤ አምራቾቹም በአብዛኛው እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ እንደሚሠራ ያረጋግጣሉ። አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ፣ በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ስለ ሆኑ በደህናው ወሰን ውስጥ ናቸው፤ ሆኖም ሰስ ያለው አየር ሙቀትን በሚገባ ስለማይወስድ የተዘጋ ማራገቢያ በደጋ ከቈላ ይልቅ ቶሎ ያስቀጣል፤ ብርዱ ግን መልሶ ይክሳል።

ዘመን አቈጣጠሩ ከዚህ ይልቅ የረቀቀ ተንኰል ነበረው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስታልቅ መብራት በጠፋ ቍጥር ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል። ባለቤቱ ሲያስተካክል እንደ ልማዱ ጠዋት አንድ ሰዓትን አንድ ሰዓት፣ ዓመቱንም የኢትዮጵያውን ዓመት ያስገባል። ኮምፒዩተሩ ይህን እንደ ጐርጐርዮሳዊ ስለሚወስደው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። የጽሕፈት ሥራ ብቻ ከሆነ ጉዳቱ ቀላል ነው። ኢንተርኔት ሲከፈት ግን የባንኩም የኢሜይሉም ገጽ የሚያቀርበው የምስክር ወረቀት ለኮምፒዩተሩ «ገና ወደፊት የሚጸና» ስለሚመስለው አልከፍትም ይላል። ቴክኒሻኑ ቫይረስ ሲፈልግ ይውላል፤ ሲያጣም ፎርማት ያደርጋል፤ ቀኑ ስላልተነካ ችግሩ በቦታው ይቈያል። ሰዓቱን ቀና ብሎ ያየ በአንድ ደቂቃ ይጨርሰው ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚታየው የደጋው ቴክኒሻን እጅ መስነፉ አይደለም። በአብዛኛው መጽሐፍ ሳይኖረው፣ የሥርዓቱ መልእክት በማያስተካክለው ቋንቋ እየተጻፈለት፣ ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀው የሠራ ሰው ነው። ፎርማትን የመረጠው ውጤቱ እርግጠኛ ስለ ሆነ ነው፤ ክፍያውም የሚጠየቀው ለተነሣ ኮምፒዩተር እንጂ ለተረፈ ጽሑፍ አልነበረም። ሊወቀስ የሚገባው ይህ የክፍያ ልማድ ነው፤ ሙያውን በሚታየው ብቻ እንዲለካ አደረገው።

ሌላ መንገድ እንደ ነበረ የሚያሳየው ሊኑክስ ነው። ኡቡንቱ የተባለው እትም በ1997 ዓ.ም. መግቢያ ከወጣ በኋላ እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ሲዲውን ወደ ዓለም ሁሉ በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር። ይህ ሲዲ ሀርድ ዲስኩን ሳይነካ ኮምፒዩተሩን ስለሚያስነሣ፣ የሞተውን ዊንዶውስ ሳያስነሡ ፋይሎቹን ወደ ፍላሽ ማውጣት ይቻላል። ቫይረሱም ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለ ሆነ በዚያ አይነቃም። ይህን የተማሩ ቴክኒሻኖች ሲዲውን እንደ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሳይሆን እንደ ሐኪም መሣሪያ በቦርሳቸው ያዙት። በስሕተት ፎርማት በተደረገም ሀርድ ዲስክ ላይ ቢሆን፣ ፈጣኑ ፎርማት የሚያጠፋው ማውጫውን እንጂ ጽሑፉን ስላልሆነ፣ አዲስ ነገር ሳይጻፍበት ከቆመ ብዙውን መልሶ ማግኘት ይቻላል። ሥርዓቱ እንደገና ከተጫነ በኋላ ግን ተስፋው ይመነምናል።

የኤክስፒ ድጋፍ በመጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ የዊንዶውስ ሰባት በጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የዊንዶውስ ዐሥር ደግሞ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ተቋረጠ። በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚያውቁት ኮምፒዩተር የግዕዝን ፊደል ከመጀመሪያው የሚያውቅ ነው፤ ስልካቸውም እንዲሁ። ለእነርሱ የፎንት ጭንቀት የታሪክ ነገር ይመስላል። ግን አሮጌው ጽሑፍ ከአዲሱ ሥርዓት ጋር ሲገናኝ ችግሩ ይነሣል። ዊንዶውስ ዐሥር የግዕዙን ፊደል «ኤብሪማ» በተባለ ሌላ ፎንት ስለሚያሳይ «ኒያላ»ን ከመደበኛው መዝገብ አውጥቶ ከኢንተርኔት የሚወርድ ተጨማሪ አድርጎታል። በኒያላ የተሠራ ደብዳቤ በእንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ይነበባል፣ የገጹ አቀማመጥ ግን ይናጋል። በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቹ የተጻፈው ደግሞ እንደ ድሮው ላቲን ሆኖ ይወጣል። ዊንዶውስ ዐሥራ አንድ የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ብዙዎቹ ነባር ኮምፒዩተሮች ሊጭኑት አይችሉም፤ እነዚህ ሲጣሉም በውስጣቸው ያለው ሀርድ ዲስክ አብሮ ይጣላል።

የድሮውን የፊደል ቁጥር ወደ ዩኒኮድ የሚመልሱ ፕሮግራሞች ተሠርተዋል። ፎንቱ በስሙ ከታወቀ አንድን ፋይል በጥቂት ጊዜ ይለውጣሉ፤ ልምድ ያለው ሰው በመጀመሪያ በቅጂው ላይ ይሞክራል፣ ዋናውን ሳይነካ ያስቀምጣል፣ ስምና ቁጥር ያለበትን መስመር በዓይኑ ያመሳክራል። ራስ ገዝ አራሚው ከዓመታት በፊት የለወጠውን ፊደል ግን የትኛውም ፕሮግራም አይመልሰውም፤ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የተሳሳተው ቁጥር ነውና። እንዲህ ያለ ሲያጋጥም የቀረው መንገድ በጊዜው በፕሪንተር የወጣውን ወረቀት ከመዝገብ ሳጥን ፈልጎ፣ ከማያው አጠገብ አቁሞ፣ ከመጀመሪያው መስመር አንሥቶ እንደገና መጻፍ ነው።